ሰዓቱ የሚቈጠረው በማን ላይ ነው?

ወጣቶች ስለ መብታቸውና ስለ ነጻነታቸው መማር እንደሚገባቸው የሚክድ ሰው በዚህ ዘመን አይገኝም። ነገሩ በየስብሰባው ይነገራል፤ በየመግለጫው ይጻፋል፤ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳም ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፎ ይታያል። ይሁን እንጂ ሁሉ የተስማማበት ነገር ብዙ ጊዜ ማንም ያልመረመረው ነገር ስለሚሆን፥ መማራቸው ተገቢ ነው ከማለት አልፈን «እንዴት ባለ አኳኋን ይማሩት?» ብለን ብንጠይቅ አንባቢዎቻችን ትዕግሥት እንደማይነፍጉን ተስፋ አለን።

ስለዚህ ጕዳይ ለመጻፍ ያደፋፈረን ሊቅነታችን አይደለም። ትምህርታችን እስከ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሥራችንም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ መቀበልና መመዝገብ፥ ፋይል ማውጣትና መመለስ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥንም፤ ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅም ገና ፊደል አልቈጠርንም ነበር። ነገር ግን እነሆ ሦስት ዓመት ሆነን፥ በሰፈራችን በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋራ ይህንኑ ሕገ መንግሥት እናነባለን። ነገሩን የጀመሩት የዜግነት ትምህርት መምህሩ ናቸው። የክበባቸውን ልጆች የሚያስነብብላቸው ሰው ሲፈልጉ፥ ከሥራችን ጠባይ የተነሣ ወረቀት ማንበብ የማይታክተን መሆኑን ሰምተው አስጠሩን።

በመጀመሪያው ቀን ልጆቹን «መብት ምንድን ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። መልሱ እንደ ዳዊት ድገማ ወረደ። ትምህርቱ የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት ይባል በነበረበት ጊዜ 11 ዕሴቶች የተባሉ አርእስት ነበሩት፤ ታላላቆቻቸው አስጠንተዋቸው ኖሮ አንዳንዶቹ 11ዱንም ሳይሰናከሉ ቈጠሩልን። ከዚያም «ጎረቤታችሁ ሌሊት ተይዞ ቢወሰድ፥ ጧት ወዴት ትሄዳላችሁ?» አልናቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ቈይቶ አንድ ልጅ ብቻ «ሰው የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን» ሲል መለሰ። ይህን መልስ አናቃልለውም። በሀገራችን ብዙ ዘመን የሠራ፥ አያሌ ሰዎችንም ከእስር ያስወጣ መልስ ነው። ችግሩ የሚያውቁት ሰው የሌላቸውን ሰዎች የማያድን መሆኑ ነው፤ እነርሱም ብዙዎች ናቸው።

የሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት፥ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለው፥ ስለ መሠረታዊ መብቶችና ነጻነቶች የሚናገር ነው። ሁለቱን ቃላት ሰው እንደ መንታ ስለሚያያቸው አንዱን በሌላው ስፍራ ያስገባዋል። እኛ ግን ለልጆቹ እንዲህ አድርገን እንለያቸዋለን፤ ነጻነት መንግሥት እጁን እንዲሰበስብ የሚገደድበት ስፍራ ነው፤ መብት ደግሞ እጁን እንዲዘረጋ የሚጠየቅበት። አንቀጽ 26 የሰው ቤት ያለ አግባብ አይበርበር፥ ደብዳቤው አይከፈት፥ የስልክ ንግግሩ አይደፈር ሲል፥ ከመንግሥት የሚፈልገው አለማድረግን ነው። አንቀጽ 20 ግን የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ቢያጣና ፍትሕ የሚጓደል ቢሆን መንግሥት በራሱ ወጪ ያቁምለት፥ ችሎቱ የሚሠራበትን ቋንቋ ባያውቅም አስተርጓሚ ያምጣለት ሲል፥ የሚፈልገው ማድረግን ነው። ሊቃውንት ይህ አከፋፈል ወንፊት ነው፥ ብዙ ያፈስሳል ይሉን ይሆናል፤ እውነታቸውን ነው። ለጀማሪ ግን ይበቃል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ «ነጻነት እናቴ ደብተሬን አለመክፈቷ ነው፤ መብት ደግሞ ደብተር መግዛቷ» አለች። እኛ ግማሽ ሰዓት የፈጀንበትን እርሷ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ሌላው ያስለመድናቸው ነገር በሰዋስው ትምህርት የሚያውቁትን «ባለቤት» በያንዳንዱ አንቀጽ ውስጥ መፈለግን ነው። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና ስለ መመረጥ ሲናገር ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። አንቀጽ 19 ስለ መያዝ ሲናገር ግን ባለቤቱ ሰው ነው፤ ስደተኛም ይሁን፥ እንግዳም ይሁን፥ መታወቂያው የጠፋበትም ይሁን፥ ሰው እስከ ሆነ ድረስ። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ሕግ የሚነበበው እንደ መፈክር ሳይሆን እንደ ዐረፍተ ነገር መሆኑን ማየት ጀመሩ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርቱን ያቀናልን ግን አንድ ከሕግ ይልቅ ቍጥር የሚወድ ልጅ ነው። አንቀጽ 19ን ስናነብ፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው ላይ ስንደርስ፥ እጁን አውጥቶ «ጋሼ፥ ለምን 48 ሆነ? ለምን 50 አልሆነም?» ሲል ጠየቀን። ለዚህ ጥያቄ በቃል የምንሰጠው መልስ ስላልነበረ፥ የቀድሞዎቹን ሕጎች ይዘን እንድንመጣ ተቀጣጠርን። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ቀጠሮ አይጠላም።

የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ነው፤ አንቀጾቹም 55 ነበሩ። ከሕግ ውጭ ማንም እንዳይያዝና እንዳይታሰር ያዝዛል፤ ሕግ ከሚፈቅደው በቀር ቤት እንዳይፈተሽና የደብዳቤ ምስጢር እንዳይገለጥ ይከለክላል፤ ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብም እንደሚቻል ያመለክታል። በዚያን ዘመን ይህ በጽሑፍ መስፈሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰዓት ግን የለውም። ሰዓት ያልተወሰነለት ቃል ቀን ያልተቈረጠለትን ብድር ይመስላል፤ አይካድም፥ አይከፈልምም።

ሰዓቱ የገባው በ1948 ዓ. ም. ተሻሽሎ በወጣው፥ 131 አንቀጾች በነበሩት ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 51 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ዳኛ እንዲቀርብ አዘዘ። ከዚያም አንድ የሚያስደንቅ ነገር ጨመረበት፤ ሰውየው የተያዘበት ስፍራ ከፍርድ ቤቱ የራቀ ሆኖ፥ መንገዱ በእግር ብቻ የሚኬድና ከ48 ሰዓት የማያንስ ጊዜ የሚወስድ እንደ ሆነ፥ ፍርድ ቤቱ ጊዜውን ለማራዘም እንዲችል ፈቀደ። ይህን ስናነብ ልጆቹ ሣቁ። እኛ ግን ያ ሕግ ሲረቀቅ የነበረው ሀገር በዐይናችን መጣ፤ መኪና የማያልፍበት ቈላና ደጋ፥ በክረምት የሚሞላው ወንዝ፥ እስረኛውና ጠባቂው ከአንድ አገልግል በልተው አብረው የሚያድሩበት መንገድ። አርቃቂው ያን መንገድ አስቦ ነበር። ሕግ መንገዱን ካላሰበ መንገዱ ሕጉን ይበላዋልና።

በ1954 ዓ. ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቍጥር 29 ይኸንኑ 48 ሰዓት ደገመው፤ የጕዞውም ጊዜ እንዳይቈጠር አደረገ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ. ም. ሕገ መንግሥቱ ታገደ፤ ሀገሪቱም እስከ 1979 ዓ. ም. ድረስ 12 ዓመት ያህል ያለ ሕገ መንግሥት ኖረች። በእነዚያ ዓመታት ስለ ሆነው ነገር ከልጆቹ ይልቅ አያቶቻቸው ያውቃሉ፤ እቤት ሄደው እንዲጠይቁ ብቻ ነገርናቸው። አንዳንዱ መልስ ይዞ መጣ፤ አንዳንዱ «አያቴ ዝም አለች» ሲል መጣ። ይህም መልስ ስለ ሆነ በደብተራቸው ጻፉት። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ. ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን 48 ሰዓት እንደ ገና ተመለሰ፤ ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በሚገባ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜም እንደ ቀድሞው ከቍጥሩ ውጭ ሆነ።

ያ ቍጥር ወዳድ ልጅ ከዚህ በኋላ አላረፈም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ. ም. የሰብዓዊ መብቶችን ሁለንተናዊ መግለጫ ሲያጸድቅ፥ የደገፉት መንግሥታት 48፥ ድምፅ ያቀቡት 8 ሲሆኑ የተቃወመ አልነበረም። ኢትዮጵያም ከ48ቱ አንዷ ናት። ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር 1948 መሆኑን ሲያገኝማ ልጁ ምሥጢረ ሰማይ የተገለጠለት መሰለው። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፥ ትርጕም አትፈልግበት ብንለውም አልሰማንም። ነገር ግን ከአጋጣሚው ቀጥሎ ያገኛቸው ሁለቱ አጋጣሚ አይደሉም። አዋጅ ቍጥር 3/1983 ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ የሚፈልጉ ሰዎች ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ያዝዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ባለበት ጊዜ ቢታወጅ፥ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ያዝዛል።

እንግዲህ ሦስት ጊዜ 48 ሰዓት ሆነ፤ በሦስቱም ሰዓቱ አንድ ነው። ልዩነቱ የት እንደ ሆነ ልጆቹ እንዲፈልጉ ተውናቸው። ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሱበት ይህ ነው፤ በመያዝ ጊዜ ሰዓቱ የሚቈጠረው በፖሊሱ ላይ ነው፤ በሰልፍ ጊዜ የሚቈጠረው በዜጋው ላይ ነው፤ በአስቸኳይ ጊዜ የሚቈጠረው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ላይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማናቸውንም አንቀጽ ባነበብን ቍጥር የምንጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰዓቱ የሚቈጠረው በማን ላይ ነው?» የሚለው ሆነ። ሰዓት ባይጻፍበትም እንኳ ጥያቄው ይሠራል። አንቀጹ አንድን ሰው ያስቸኵላል ወይስ ማንንም አያስቸኵልም? ማንንም የማያስቸኵል ከሆነ ገና ያልተጨረሰ ሥራ አለበት ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ባለበት ይቆም ነበር፤ ወራጅ ውሃ እንኳ ይቆማል ይባል ነበር። ዳኛ በሌለበት፥ ዘበኛ በሌለበት፥ ቃሉ ብቻ ሰውን ያቆም ነበር። ልጆቹ ይህን ከእኛ ሲሰሙ በጣም ወደዱት፤ በዕረፍት ሰዓትም በኳስ ሜዳ ሲጯጯኹበት ሰማን። ነገር ግን በዚያው ሀገር «ንጉሥ አይከሰስ፥ ሰማይ አይታረስ» የሚል ተረትም ነበረ። በሕግ አምላክ ሲባል እኩያ ይቆማል፤ የበላይስ? የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፥ ማናቸውም ኀላፊ ሥራውን ቢያጓድል ተጠያቂ ነው ይላልና፥ ተረቱን ከጽሑፉ አንጻር አኑረን እንዲያስተያዩ አደረግን። የትኛው በሀገሩ ላይ ይበልጥ ይሠራል? ብለን ድምፅ አላሰጠንም። ጥያቄው የድምፅ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥያቄ የመንገዱ ነበር። ከሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤቱ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ሕጉ የመንገዱን ጊዜ አይቈጥርምና ማወቅ ይገባል አሉ። መምህሩ ፈቅደው አንድ ቅዳሜ በእግር ሄድን። እግረ መንገዳችንን ቈሎ ገዛን፤ ሁለት ልጆች የሰዓቱን ቍጥር ሊይዙ ተመርጠው ነበርና ሌላው ሲያወራ እነርሱ ከስልካቸው ላይ ዐይናቸውን አላነሡም። 35 ደቂቃ ሆነ። በየደብተራቸው ከአንቀጽ 19 አጠገብ «በእግር 35 ደቂቃ» ብለው ጻፉ። የ1948ቱ አርቃቂ ቢያያቸው ደስ የሚለው ይመስለናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩን እንደ ተውኔት አደረግነው። አንዱ ተያዥ፥ አንዱ መርማሪ፥ አንዷ ዳኛ ሆነች። መርማሪው ለመሆን የተጋፉት ብዙዎች ነበሩ፤ ተያዥ ለመሆን ግን ሰው ጠፋ። ጨዋታው ሲጀመር መርማሪው ልጅ ትልቅ ሰው መሰለ። «መኪና የለም» አለ። «ነዳጅ የለም» አለ። «ምስክር አላገኘሁም» አለ። «ዓርብ ማታ ነው የያዝሁት፥ እሑድ ችሎት የለም» አለ። ይህን ሁሉ ማንም አላስተማረውም፤ ልጅ ከአየሩ የሚቀስመው ትምህርት ምን ያህል እንደ ሆነ አየን። ጓደኞቹም በያንዳንዱ ምክንያት ላይ ጽሑፉን እየገለጡ ተከራከሩት። ነዳጅ በአንቀጹ ውስጥ አለ? የለም። እሑድ አለ? የለም። መንገድ አለ? አለ፤ 35 ደቂቃ። በመጨረሻ መርማሪው ልጅ «እንግዲያው ከመያዜ በፊት ማሰብ አለብኝ ማለት ነው» ብሎ ተቀመጠ። እኛ በሦስት ዓመት ውስጥ ከዚህ የተሻለ የሕግ ማብራሪያ አልሰማንም።

የአስቸኳይ ጊዜውን አንቀጽ መዝለል ይቀልል ነበር፤ አንዳንድ ወዳጆቻችንም «ለልጆች ምን ያደርግላቸዋል?» ብለውናል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች በ2009፥ በ2010፥ በ2012፥ በ2014 እና በ2015 ዓ. ም. የታወጁትን አዋጆች በዕድሜያቸው ያዩ ናቸው፤ ያዩትን ነገር ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ብንሸፍንባቸው መጽሐፉን ራሱን ማመን ይተዋሉ። ስለዚህ አነበብነው። በዚያ ጊዜ እንኳ ሊነኩ የማይችሉት አንቀጽ 1፥ አንቀጽ 18፥ አንቀጽ 25 እና የአንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 ናቸው። አንዲት ልጅ ጣቷን በዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ካስኬደች በኋላ «ጋሼ፥ 19 የለም» አለችን። የለም። 48 ሰዓቱ ሊታገድ ይችላል። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ግን አይታገድም፤ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም የተያዙትን ሰዎች ስምና የተያዙበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ እንዲገልጥ ታዝዟል። «እንግዲህ ሰዓቱ ወር ሆነ ማለት ነው» አለች። እኛም አዎን ከማለት በቀር የምንጨምርበት አልነበረንም።

ይህች ልጅ ናት በኋላ ያሳሰበችን። አንድ ሳምንት ታላቅ ወንድሟ ከሰፈር ጠብ ጋራ በተያያዘ ነገር ተያዘ። ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ፥ ለማንም ሳትነግር የአንቀጽ 19ን ንዑስ አንቀጽ 3 እና 4 በንጹሕ ወረቀት ገልብጣ፥ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደ ለበሰች ወደ ጣቢያው ሄደች። በር ላይ የነበረው ፖሊስ ወረቀቱን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አጥፎም በኪሱ ከተተውና «ማን ጻፈልሽ?» አላት። «ሕገ መንግሥቱ ነው» አለችው። «ወደ ቤትሽ ሂጂ» አላት። አልጮኸባትም፤ አልሰደባትምም፤ ይህን መናገር ይገባል። ወንድሟ ዳኛ ፊት የቀረበው በአምስተኛው ቀን ነው። ወረቀቱ ያደረገው ነገር ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም፤ እኛም አለ ብለን በልጆቹ ፊት አልተረክንም።

በማግሥቱ ቅዳሜ እናቷ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መጡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆመው ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፥ አንዱን ልጄን ወስደውብኝ ሰንብተዋል። ሁለተኛዋን ደግሞ እርስዎ አይውሰዱብኝ» አሉን።

ይህን ቃል በሕግ ማስረጃ ማሸነፍ አይቻልም፤ ልንሞክርም አልፈለግንም። መብትን ማስተማር እንደ ሒሳብ ማስተማር አይደለም። ሒሳብ ያወቀ ልጅ በዕውቀቱ የተነሣ የሚደርስበት ነገር የለም። መብቱን ያወቀ ልጅ ግን ያን ዕውቀት ይዞ አንድ በር ላይ ይቆማል፤ በሩን የያዘው ሰው ደግሞ ያን ጊዜ ምን ዐይነት ሰው እንደ ሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ግዴታን ብቻ እናስተምር፥ መብቱ 18 ዓመት ሲሞላቸው ይደርሳል ይላሉ። አነጋገሩ የርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ፖሊስ ጣቢያው 18 ዓመት እስኪሞላቸው አይጠብቃቸውም፤ ወንድሞቻቸውንም አይጠብቅም።

ስለዚህ ከእናቲቱ ጋራ ተነጋግረን በዚያው ወር ትምህርቱን ወደ መንገዱ አስፋፋነው። አቤቱታ የሚቀርበው በጣቢያው በር ላይ ሳይሆን በፍርድ ቤት መሆኑን፥ በ1958 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቍጥር 177 ጀምሮ አካልን ነጻ ስለ ማውጣት የደነገገ መሆኑን፥ በማመልከቻውም ውስጥ ሰውየው በማን እጅ እንዳለና የት እንደ ተያዘ በመሐላ ቃል መገለጥ እንዳለበት፥ የተያዘው ራሱ ቃሉን መስጠት ባይችል ሌላ ሰው ስለ እርሱ ሊሰጥለት እንደሚችል አነበብን። በአንቀጽ 21 መሠረት የተያዘን ሰው ማን ሊጠይቀው እንደሚችል፥ የትዳር ጓደኛ፥ የቅርብ ዘመድ፥ ወዳጅ፥ የሃይማኖት አማካሪ፥ ሐኪም፥ የሕግ አማካሪ፥ እያልን ቈጠርን። ልጅ ብቻውን እንዳይሄድ፥ ከአዋቂ ጋራ እንዲሄድ፥ የሄደበትን ቀንና ሰዓት እንዲጽፍ ተስማማን። እናቲቱም ይህን ተቀምጠው ሰሙ። «ይኼ ደኅና ነው» አሉ እንጂ አላመሰገኑንም፤ ማመስገንም አልነበረባቸውም።

ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልባችን የሚመላለሰው በር ላይ የነበረው ፖሊስ ነው። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ ነበር። እርሱም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ 11ዱን ዕሴቶች በቃሉ የወጣ ልጅ ነበር ይሆናል። ስለ መብት የሚሰጠው ትምህርት ሁልጊዜ ለተያዡ እንደ ተዘጋጀ ሆኖ ይነገራል፤ በክፍል ውስጥ ግን ከተቀመጡት ልጆች መካከል ነገ ቍልፍ የሚይዙ፥ ማኅተም የሚመቱ፥ ችሎት የሚያስችሉ አሉ። ሰዓቱ የሚቈጠረው በእነርሱ ላይ ነው። ስለዚህ በተውኔቱ መርማሪ ለመሆን የሚጋፉትን ልጆች አሁን አንከለክላቸውም፤ ይልቁንም በየተራው ሁሉም መርማሪ እንዲሆን፥ የ48ቱንም ሰዓት ጭንቅ እንዲቀምስ እናደርጋለን።

ነገሩ ወደ እኛም ወንበር መድረሱ አልቀረም። ቍጥር ወዳዱ ልጅ አንድ ቀን «ጋሼ፥ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሰው ፋይሉን በስንት ሰዓት ያገኛል?» አለን። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የዜጎች ቻርተር የሚባል ሠሌዳ እንዳለ፥ አገልግሎቱ የሚሰጥበት ጊዜም በዚያ ላይ እንደሚጻፍ ነገርነው። «ሰዓቱ ቢያልፍስ?» አለ። ሰዓቱ ቢያልፍ ለቅሬታ ሰሚ ክፍል ይመለከታል ብለን መለስንለት። ሰኞ ዕለት ይህን ለባልደረቦቻችን ስናወራ አንደኛው «ልጆቹን እዚህ እንዳታመጣብን!» ሲል ቀለደ፤ ሁላችንም ሣቅን። ከሣቁ በኋላ ግን አንዲት ባልደረባችን ተነሥታ፥ በሠሌዳው ፊት ቆሞ የነበረውን የካርቶን ክምር ወደ ጐን ገፋችው፤ ጽሑፉም ከወንበራችን ይታይ ጀመር።

አሁን በእጃችን ያለው አንቀጽ 36 ነው። ስለ ሕፃናት የሚናገር ሲሆን፥ ሕፃናት በትምህርት ቤት ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ያዝዛል። ይህን አንቀጽ ለማንበብ ቀን ስንቈርጥ ከመምህራን አንዳንዶቹ ደስ አላላቸውም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ከመምህራን ክፍል ጋራ በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ነውና ሲነጋገሩ ይሰማል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከቍም ሣጥኑ በላይ አንድ አርጩሜ ተጋድሞ እንደሚኖር ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ። አንቀጹ ሰዓት የለውም፤ «ሰዓቱ የሚቈጠረው በማን ላይ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልሱ ግድግዳውን ተሻግሮ ነው የሚገኘው። መምህሩ ቀኑ እንዲዘገይ ጠይቀውን ነበር፤ ልጆቹ ግን ቀን ተቈርጧል አሉ። የምናነበው በሚመጣው ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ነው። ምክትል ርእሰ መምህሩም ወንበር እንድንይዝላቸው ልከውብናል።